ክሩን የማይነካው ሊቀ ፔዳል

በየከተማው ቢያንስ አንድ ሰው አለ፤ የሁለት ደቂቃ ሥራን በሁለት ደቂቃ መጨረስ ነውር የሚመስለው። በሩ ሲንቋረር ዘይት ጠብ ከማድረግ ይልቅ ስለ ማጠፊያ አሠራር ሦስት ቪዲዮ ያያል። የሽንኩርት መክተፊያ ማሽን ይገዛና ማሽኑን ገጣጥሞ ሳይጨርስ ወጡ ደርሶ ይበላል። ይህን ሰው ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም አይቼዋለሁ። የፍኖተ ሰላሙ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ስሙ ታከለ ነው፤ እኔ በልቤ «ሊቀ ፔዳል» እለዋለሁ። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ ይህ ማዕረግ ግን በየትኛውም ፋይል አይገኝም። ያለ ደብዳቤ የሰጠሁት ብቸኛ ሹመት እሱ ነው።

ታከለ የሰርግ ባንድ ጊታሪስት ነው። ከደምበጫ እስከ ቡሬ፣ አንዳንዴም ፈረስ ቤት ድረስ ወጥቶ፣ ሙሽራ ባለበት ሁሉ ይጫወታል። የሚጫወትበት የኤሌክትሪክ ጊታር የእሱ አይደለም፤ የወንድሜ የመሐሪ ነበር። መሐሪ ካረፈ በኋላ፣ አርባው በወጣ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ታከለ መጥቶ የራሱ ጊታር ከባጃጅ ላይ ወድቆ አንገቱ እንደተሰበረ ነገረኝና ለአንድ ዓመት እንዳውሰው ጠየቀኝ። «ይመስለኛል» ማለት አልወድም። በዚያ ወር ከሆነው ነገር ግን ቀኑን አረጋግጬ የምናገረው ጥቂት ነው።

አዋስኩት። ዕቃ ያለ ቅጽ ስለማልሰጥ፣ በመሥሪያ ቤታችን የርክክብ ቅጽ አምሳያ አንድ ወረቀት ጽፌ አስፈረምኩት። አንዱ ቅጂ እሱ ጋር፣ አንዱ እኔ ጋር ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየሁት አይደለም፤ ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ሰርግ አልሄድም ነበር። ነገር ግን ከሦስት ምስክር ያላነሰ የነገረኝን ብቻ ነው የምጽፈው።

የመሐሪ ድምፅ ቀጭን ነበር። ስለዚህ ጊታሩን ከሌላው ሰው ጊታር ሁለት ደረጃ አስወጥቶ፣ ለራሱ ጉሮሮ ነበር የሚቃኘው። የታከለ ባንድ ዘፋኝ ደግሞ ንብረት ነው። ንብረት ደረቱ የእህል ጎተራ የሚያህል፣ ድምፁም ከጎተራው ሥር የሚወጣ የሚመስል ሰው ነው። ንብረት እንዲዘፍን ጊታሩ መውረድ አለበት፤ ያውም አራት ደረጃ። እንዲህ ሲሆን ሌላ ጊታሪስት ምን ያደርጋል? በጊታሩ ራስ ላይ ያሉትን ስድስት መቃኛዎች ያዞራል፣ ክሮቹ ይላላሉ፣ ድምፁ ይወርዳል። ሁለት ደቂቃ።

ሊቀ ፔዳል ስድስት ሳምንት ጠብቆ ከባሕር ዳር ፔዳል አስመጣ። ዕቃው በአውቶቡስ ሲላክለት ፍኖተ ሰላም እስኪደርስ መታገሥ አልቻለም፤ ቡሬ ድረስ ሄዶ ተቀበለውና እንደ እንቁላል ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተመለሰ። ፔዳሉ የሳሙና ማስቀመጫ የሚያህል ቀይ የብረት ሳጥን ነው። ጊታሩና ድምፅ ማጉያው መካከል ይሰካና በእግር ይረገጣል። ከክሩ የመጣውን ድምፅ መንገድ ላይ ይዞ፣ አውርዶና አወፍሮ ለማጉያው ያስረክባል። ክሩ እንደተወጠረ ነው፤ እድምተኛው የሚሰማው ግን የላላ ክር ድምፅ ነው። በላዩ ያለችውን ማዞሪያ ሁለት ላይ ቢያደርጓት ሁለት ደረጃ፣ አራት ላይ ቢያደርጓት አራት ደረጃ ታወርዳለች።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከተማው ሁሉ ስለሚያውቀው ነው። ሊቀ ፔዳል ለጸጉር አስተካካዩ አስረድቷል፤ ለባንክ ጥበቃው አስረድቷል፤ ጅጋ ገበያ ላይ በግ ሊገዛ ሄዶ ለበግ ሻጩ አስረድቶ ሲጨርስ በጉ ለሌላ ተሽጧል። የዜማ መምህር ለሆኑት ለጎረቤቱ ለየኔታ ቴዎፍሎስ ደግሞ ሳጥኑን ይዞ ቤታቸው ድረስ ሄዷል።

«ይህ ምን ይሠራል?» አሉት የኔታ።

«ድምፅ ያወርዳል፣ የኔታ።»

«መቃኛውስ?»

«እሱም ያወርዳል።»

«ታዲያ?»

«ሳጥኑ መቃኛው ሳይነካ ነው የሚያወርደው።»

የኔታ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደገፉ። «እኔ አርባ ዓመት ዜማ ሳስተምር» አሉ፣ «ደቀ መዝሙሩ ከፍ ሲልብኝ ‹ውረድ› እለዋለሁ፤ ይወርዳል። ሳጥን ገዝቼለት አላውቅም።»

ሌላው የሊቀ ፔዳል ባሕርይ ጩኸቱ ነው። ቤቱ ሲለማመድ ማጉያውን እስከ ጥግ ይከፍተዋል። በአጥር የምትዋሰነው ወይዘሮ አልጣሽ ዶሮዎቿ እንቁላል መጣል እንዳቆሙ ልትነግረው ሄደች።

«እትዬ አልጣሽ፣ ቀስ ባደርገው ደስ ባለኝ» አላት። «ግን ማጉያው ቀስ ሲል ክሩ ራሱ ይሰማል። ክሩ በቀጭኑ ይላል፣ ማጉያው በወፍራሙ ይላል፤ አይስማሙም። ሁለት ድምፅ ይሰማል።»

«እኔ አንዱንም መስማት አልፈልግም።»

«እሱማ ገብቶኛል። ግን ሁለቱን ከመስማት—»

«አንተ ልጅ፣ ክሩን አታላላውም?»

«ክሩን አትንኩት» አለ ሊቀ ፔዳል።

ይህች የዘወትር ቃሉ ናት። ለመለሳለስም ለመጣላትም አንድ ናት። ቡሬ ላይ ሰርግ ሲጫወቱ፣ ደሴ የሚባለው የባንዱ ኪቦርዲስት መሣሪያ ሲያስተካክሉ ሊረዳው ብሎ እጁን ወደ ጊታሩ መቃኛ ሰደደ። ሰው አስቀይሞ የማያውቀው ታከለ ሦስት ገመድ ዘሎ ጊታሩ ላይ በደረቱ ተደፋበት።

«ምነው፣ ፈንጂ ነው እንዴ?» አለ ደሴ።

«ክሩን አትንኩት።»

«ሁለት ደቂቃ ነው እኮ ታከለ። ሳጥኑን ረግጠህ ከምትኖር።»

«ሳጥኑ ለምን እንደሚሻል ላስረዳህ?»

«የለም፣ የለም» አለ ደሴ ወደ ኋላው እየሄደ። «አንተ እንዳልከው ይሁን።»

እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ ፈገግ እል ነበር። ፈገግታዬ ያበቃው ንብረት የልደት ማስረጃ ሊያወጣ ቢሮዬ የመጣ ዕለት ነው። ሊያስደስተኝ ፈልጎ፣ «የመሐሪ ጊታር አሁን እንዴት እንዳማረበት ብትሰሚ! አራት ደረጃ አወረድነው» አለኝ።

ማስረጃውን ጽፌ፣ ማኅተም መትቼ ሰጠሁት። ከዚያ ሥራ አልሠራሁም። መሐሪ ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር የሄደ ዕለት ጠዋት ጊታሩን ቃኝቶ ነበር ቦርሳው ውስጥ የከተተው። ከዚያ ወዲያ እጁ የሠራው ነገር ብዙ አይደለም። የሆስፒታል ወረቀት ላይ ፈርሟል፤ ብርቱካን ልጧል። ስለ ፔዳሉ ብዙ ብሰማም፣ ንብረት «አወረድነው» ሲል የታየኝ ሳጥን አልነበረም፤ መቃኛው ሲዞር ነው። ሰው ሳጥን ገዝቻለሁ ስላለ ክር አይነካም ማለት አይደለም፤ ለዚህም በእጄ ያለ ማስረጃ አልነበረም። እነዚያ ስድስት ክሮች ከላሉ መልሶ የሚያጠብቃቸው ሰው የለም።

የውሰቱ ጊዜ ካለፈ አራት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ሲሳይነሽ ጅጋ ላይ ልጇን ስትድር፣ ባንዱ የታከለ መሆኑን አረጋግጬ፣ ቅጹን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። መሐሪ ካረፈ ወዲህ የሄድኩበት የመጀመሪያ ሰርግ ነበር። ሲሳይነሽ አቅፋኝ «እሰይ፣ እንኳን ወጣሽ» ስትለኝ፣ የመጣሁት ዕቃ ላስመልስ እንደሆነ አልነገርኳትም።

ዳሱ ጢም ብሏል። ሰው ሳይቀመጥ ይጨፍራል። ጊታሩም ይሰማል፤ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ የማላውቀው ድምፅ። ዓይኔ ጥቁሩን ጊታር ያያል፤ ከታች በግራ በኩል ያለው ጭረት እንኳ በቦታው ነው፤ ጆሮዬ የሌላ ሰው ድምፅ ይሰማል። በዳሱ ጠርዝ በኩል ሄጄ ታከለ አጠገብ ቆምኩ።

«ታከለ፣ ቅጹን ይዤ መጥቻለሁ» አልኩት። አልሰማኝም። ጎንበስ ብዬ በጆሮው ልደግምለት ስል መብራት ሄደ።

ማጉያው ዝም አለ። ማይኩም ዝም አለ። ቀን ስለነበር ጨለማ የለም፤ ጄኔሬተር ሊያስነሳ የሚሮጥ ሰው ብቻ አለ። ንብረት በባዶ ጉሮሮው ቀጠለ፤ እድምተኛው በጭብጨባ ያዘለት፤ ጭፈራው አልተቋረጠም። የታከለም እጅ አልቆመም፤ ማንም እንደማይሰማው እያወቀ ይመታ ነበር።

እኔ ግን ጆሮው ድረስ ጎንበስ ብዬ ስለነበር ሰማሁት። ቀጭን ነው፤ ከወባ ትንኝ ብዙ አይበልጥም። ቤታችን ማጉያ አልነበረም። መሐሪ ጊታሩን ሳይሰካ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲጫወት፣ እኔ በግድግዳው በኩል አሥራ አንድ ዓመት የሰማሁት ድምፅ ይኸው ነው። ያው ከፍታ። ደረጃም፣ ግማሽ ደረጃም አልወረደም።

ቀና ስል ታከለ አየኝ።

«እትዬ ትርሲት!» አለና ሊነሳ ሲል ገመድ ያዘው። «ምነው፣ ይቀመጡ እንጂ። ወንበር ስጧቸው።»

«ክሩን አላላላኸውም።»

«እንዴት አድርጌ ላላላው?» አለ ግራ ገብቶት። «እርስዎ ጽፈውብኝ።»

«እኔ ምን ጻፍኩ?»

«ቅጹ ላይ ነዋ። ይዩት።»

ቅጹን አወጣሁ። «የዕቃው ሁኔታ» በሚለው ሥር በራሴ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፦ ጥቁር ጊታር አንድ፤ ክር ስድስት፤ ከታች በግራ ጭረት፤ በመሐሪ እንደተቃኘ። ከሥሩም፦ ተረካቢው በተረከበበት ሁኔታ ይመልሳል። ከዚህም በታች የታከለ ፊርማ። ጽፌ የረሳሁት መሥመር ይህ አንድ ብቻ ነው።

«ለአንድ ሰው እንኳ ለምን አልነገርክም?» አልኩት። «ከተማው ሁሉ ሲስቅብህ።»

«የእርስዎን ነገር በየሰርጉ ላውራ?» አለ። «ሰው ‹ለምን አታላላውም› ሲለኝ ስለ ሳጥኑ ማስረዳት እጀምራለሁ። ትንሽ ካስረዳሁት ራሱ ይተወኛል።»

«ክር አልተበጠሰብህም?»

«አምስት» አለና ከጊታሩ ቦርሳ ኪስ ፖስታ አውጥቶ ሰጠኝ። «አዲሱን ልክ በእሳቸው ከፍታ ነው የወጠርኩት፤ የተረከብኩ ዕለት በስልኬ መቃኛ ለክቼ ጽፌዋለሁ።» ፖስታው ውስጥ አምስት የተበጠሱ ክሮች ተጠቅልለው፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ወረቀት ታስሯል፦ ደምበጫ፣ ታኅሣሥ 4። ፈረስ ቤት፣ ጥር 21። አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ማንበቡ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ዓይኔ በደንብ አላይ ብሎኝ ነበር።

«ይህ ቀን የለውም» አልኩት አንዱን አንስቼ።

«ቡሬ ነው እሱ። ያው ማክሰኞ ነው።»

«ማክሰኞ ቀን አይደለም። ቀንና ወር ጻፍበት።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ወፍራሙ ድምፅ ተመልሶ ዳሱን ሞላው፤ ንብረትም ማይኩን እንደ ጠፋ ዘመድ አቀፈው። እኔ ቅጹን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ወደ ሲሳይነሽ ዘመዶች ግን አልተመለስኩም። የቀረበልኝን ወንበር ወደ ታከለ ቀኝ ክንድ አስጠግቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ አራት ሰርግ ሄጃለሁ፤ ሁለቱ የማላውቃቸው ሰዎች ሰርግ ነበሩ። ሁልጊዜም ከዚያው ክንድ አጠገብ ነኝ። እዚያ ሆኖ ሙዚቃው ጥሩ አይሰማም። ወፍራሙና ቀጭኑ ይጋጫሉ፤ ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው አምስት ደቂቃ አይቀመጥበትም። ወይዘሮ አልጣሽ ስለ እኔና ስለዚያ ልጅ የምታወራው ደርሶኛል፤ የተወራበትን ቀንና ቦታ መዝግቤዋለሁ፤ ስሕተት ነው።

ሊቀ ፔዳል ዘፈኑ ሲግል ማጉያውን ሊጨምር ጎንበስ ይላል። ከዚያ እኔን ያየኛል፤ እጁን ይመልሳል።

«ታከለ፣ ምነው ዛሬም ሁለት ሁለት ይሰማኛል?» ይላል ንብረት በዘፈን መካከል ዞር ብሎ።

ሊቀ ፔዳልም ስለ ሳጥኑ ማስረዳት ይጀምራል።