መምህር ፊሊሞን እና የእህቴ ጥለት

ጡረታ የወጣ የባዮሎጂ መምህር የሚሰናበተው ከትምህርት ቤቱ እንጂ ከማስተማሩ አይደለም። የሰፈራችን ሊቀ ሊቃውንት መምህር ፊሊሞን ዊንጌት ታክሲ ተራ አስቁመውኝ ስለ ክሮማቲን፣ ማለትም ሴል ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚቀመጠው ዲኤንኤ፣ ሲያስረዱኝ ስንት ታክሲ አምልጦኛል! ቧንቧ ሲደርቅ እንኳ፣ "ውኃው አለ፤ ተጠቅልሎ ነው!" ይላሉ። የጎረቤት ልጅ ሒሳብ ሲወድቅም፣ "ዕውቀቱ አለ፤ ተጠቅልሎ ነው!"

ሐሙስ ዕለት ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔው መሸሻ ጋ ብቅ ስል እሳቸውም ጋቢ ሊያሠሩ መጥተው ኖሯል። የእኔ ጉዳይ የእህቴ የሐመልማል ነጠላ ነው፤ ሰርጓ እሑድ ነው። የቀረው ጥለቱ ብቻ ነበር። ባለቀለሙ ክር ቀሰም በሚሏት ቀጭን ሸምበቆ ላይ ተጠንጥኖ ተራውን ይጠብቃል።

መምህሩ አንዱን ቀሰም ብድግ አደረጉ።

"አየሽ ቤዛ፣ ዲኤንኤ ማለት ይሄ ክር ነው። ቀሰሙ ደግሞ ሂስቶን የሚባለው ፕሮቲን። ጥብቅ ብሎ የተጠመጠመውን ጂን ሴሉ አያነበውም፤ ላላ ያለውን ያነባል። ዓይንና ጉበት አንድ ዓይነት ክር ይዘው የተለያዩት ለዚህ ነው።"

"ጋሼ፣ በእመቤቴ ያስቀምጡት!"

"ቆይ እንጂ! ሴሉ ሊከፈል ሲል ክሩ በሙሉ መባዛት አለበት። ሊባዛ ደግሞ መፈታት አለበት!"

ብለው ተረተሩታ! አንዱን ብቻ መሰላችሁ? ሦስቱንም! ቀዩ ከአረንጓዴው፣ ወርቃማው ከሁለቱም ተተበተበ።

"ሰርግ እኮ ነው! የሰው ሰርግ!" ብዬ ጮኽኩ።

መሸሻ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ "መምህር፣ ሴሉም እንዲህ ሁሉን ባንዴ ነው የሚዘረግፈው?" አላቸው።

መምህር ፊሊሞን የተተበተበውን ክር ቁልቁል አዩ።

"እ... አይደለም" አሉ። "ጥቂት በጥቂት ይፈታል፣ ያባዛል፣ ወዲያው ይጠመጥማል። የድሮዎቹን ቀሰሞች ተባዝተው ለወጡት ሁለት ክሮች ያካፍልና የጎደለውን በአዲስ ይሞላል።"

"እንግዲያው ሴሉ ከእርስዎ ይሻላል።"

ኮታቸውን አውልቀው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክር ሲፈቱና ሲጠነጥኑ ዋሉ። እኔም ጫፉን ይዤላቸው በንዴት ስጨስ ቆየሁና፣ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ "ለመሆኑ ያንን ጥብቅ ብሎ የተጠመጠመውን የሚያላላው ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ፊታቸው ወገግ አለ። የመጨረሻው ቀሰም እስኪሞላ መልሱ አላለቀም፤ እኔም አላቋረጥኳቸውም።

መሸሻ ክሮቹን አገላብጦ አየና ነጠላው ቅዳሜ ይደርሳል አለ። ያኔ ትንፋሼ ተመለሰ፤ መምህሩንም ሰርጉ ላይ እንዳይቀሩ ብዬ ለመንኳቸው።

ኮታቸውን እየለበሱ፣ "እመጣለሁ" አሉኝ። "ብቻ አደራሽን፣ እስካሁን ያልሰማኝ ሰው አጠገብ አስቀምጪኝ።"