የሴቪያ ሕግ በእትዬ ጥሩወርቅ ሽሮ ቤት

ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ አፍ ስሙት።

የእትዬ ጥሩወርቅን ሽሮ ቤት በምሳ ሰዓት ባዶ አደረግሁት። በሁለት ጉርሻ!

ቆይ፣ ከመሳደባችሁ በፊት ከስፔን ልጀምርላችሁ።

ባለፈው ዓመት ለአስጎብኚነት ስልጠና ሴቪያ የምትባል የስፔን ከተማ አሥራ ሁለት ቀን ከርሜ ነበር። (ታውቃላችሁ እንጂ! ያልለጠፍኩት ፎቶ የለም።) ከሰዓት በኋላ ስልጠና ስለሌለ ሥራዬ መዞር ነበር። መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ ሁለት እጄን ብዘረጋ ግራና ቀኝ ግድግዳ እነካለሁ። ግድግዳው ነጭ፣ የበሩ ዙሪያ ሰማያዊና ቢጫ ሴራሚክ። በብረት በር አጮልቄ የሰው ግቢ አያለሁ፤ መሃሉ ላይ ውኃ ይንፎለፎላል፣ ዙሪያውን አበባ ነው። ደወሉ የተሰቀለበት የካቴድራሉ ማማ ድሮ የመስጊድ ሚናራ ነበር አሉኝ። ሥሩ ቆሜ አንገቴ እስኪያመኝ ወደ ላይ አየሁ። "ቶሎ በይ" የሚለኝ አልነበረም።

የመንገድ ዳር ዛፉ ሁሉ ብርቱካን ነው! አንዱን ቀጥፌ ገመጥኩ።

ኮሶ! ለካስ ለጌጥ ነው የተተከለው። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ በሳቅ ሊሞቱ ነበር።

ምግቡስ! እዚያ አንድ ቤት ቁጭ ብሎ መጥገብ ብሎ ነገር የለም። እዚህ ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ በትንሽ ሳህን፣ ሁለት በር አልፎ የተጠበሰ ትናንሽ ዓሣ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ስፒናች በሽምብራ። ሽምብራ እኮ ነው! ረቡዕ ስለነበር ጾሜን ሳልፈታ በላሁትና እናቴ ትዝ አለችኝ። ሁለት ሦስት ጉርሻ፣ "ግራሲያስ" (አመሰግናለሁ ማለት ነው)፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ቤት። ቅር የሚለው ሰው የለም።

በፍቅር ወደቅሁ። በሰው አይደለም፣ በአካሄዱ።

እናም ፕላን አወጣሁ። ቅዳሜ ስምንት ስፔናውያን ይመጡልኛል፤ በራሴ የማስጎበኛቸው የመጀመሪያ እንግዶቼ ናቸው። "ጎንደርን በጉርሻ" አልኩት። ግንብ ግንቡን እያዩ ቀስ ብሎ መሄድ፣ ሰባት ቤት ገብቶ ትንሽ ትንሽ መቅመስ። ዛሬ ብቻዬን ልለማመደው ወጣሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አካሄዱ ግሩም ነበር። አራዳ ተወልጄ አራዳ አድጌ፣ ሳልቸኩል ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ፋሲል ግቢን በየቀኑ በባጃጅ ነው የማልፈው። ዛሬ ቆሜ አየሁት። የማማዎቹ ክብ ጉልላት እንዴት ያምራል! ድንጋዩ ከሩቅ ቡናማ ይመስላል እንጂ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት አመድማም አለበት፣ ወይን ጠጅም አለበት። ፒያሳ ያሉት የጣሊያን ጊዜ ፎቆች ደግሞ ጥጋቸው ክብ ነው። ይህን ታውቁ ነበር? እኔ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ዛሬ አየሁት! እዚያው ቆሜ ማኪያቶ ጠጣሁና "ምን ሴቪያ አለ፣ ጎንደር እያለች" ብዬ ኮራሁ።

በዚህ ኩራት ነው እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ዘው ያልኩት።

ለማታውቋቸው፣ እትዬ ጥሩወርቅ ከአራዳ ገበያ ጀርባ ሽሮ ቤት አላቸው። ከተማሪነቴ ጀምሮ ያበሉኛል። ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ነው የሚቀርበው። ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ቤት ያቆሙበት፣ ሰው ያከበራቸውም በዚያ ሽሮ ነው። ሌላ ነገር የላቸውም።

ቤቱ ጢም ብሏል። ሽሮዬ ቀረበ። በሴቪያ ሕግ ሁለት ጎረስኩ። ተአምር ነው! ስልኬን አወጣሁና ድስቱ ውስጥ ልገባ ጥቂት እስኪቀረኝ ተጠግቼ ፎቶ አነሳሁ። ከላይ፣ ከጎን፣ እንደገና ከላይ። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። (የጻፍኩት "ከሴቪያው ይበልጣል" የሚል ነው። ግን ማን አንብቦት!) እጄን ታጥቤ፣ ሂሳቡን ጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ እትዬ ጓዳ ስለነበሩ ሳልሰናበታቸው እየተጣደፍኩ ወጣሁ። ስድስት ቤት ይጠብቀኛላ!

አሁን ይህንኑ በአያ ጌትነት ዓይን እዩት። አያ ጌትነት ፊት ለፊት ያሉት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አጠገቤ ተቀምጠው ይበሉ ነበር። የቤት ልጅ የምትባል ደንበኛ ሁለት ጎረሰች። ድስቱን አጎንብሳ መረመረች። ፎቶ አነሳች። ጻፈች። ምግቧን ትታ ሸሸች።

እናንተ ብትሆኑ ትበላላችሁ?

አያ ጌትነትም እጃቸውን ሰበሰቡ። ከጎናቸው ያለው እሳቸውን አይቶ ሰበሰበ። ሌላው እሱን አይቶ ተነሳ።

እኔ ምን አውቄ! ሁለተኛው ቤት፣ ዱለት ቤቱ ጋ ስደርስ ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ "እኔ ቤት ፎቶ የሚባል የለም!" አለኝ።

"ምነው፣ ምን አደረግሁ?"

"እዚያ እንሽላሊት አግኝተሽ የለ!"

እንሽላሊት?!

ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። "አንቺ! ጥሩወርቅ ሽሮ ውስጥ የልብስ ቁልፍ አገኘሽ አሉ፣ እውነት ነው?"

"ኧረ ምንም አላገኘሁም!"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ሳትበይ የተነሳሽ?"

ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር ሁለት ጎርሶ የሚነሳ ሰው ወይ ተቀይሟል፣ ወይ የሆነ ነገር አግኝቷል። ሦስተኛ የለም። ይህን የማያውቅ የጎንደር ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እየሮጥኩ ተመለስኩ።

ቤቱ ጭር ብሏል። በየጠረጴዛው ግማሽ የተበላ እንጀራ። እትዬ አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ምነው በጮኹብኝ!

"ምነው ልጄ?" አሉኝ ቀስ ብለው። "ነውር ብታገኚበት እንኳ በጆሮዬ አትነግሪኝም ነበር?"

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ሴቪያ፣ ከየቤቱ ትንሽ እየቀመሱ ስለሚያልፉት ሰዎች።

ሰሙኝና "ምነው፣ ወንበር የላቸውም?" አሉ።

"አላቸው እትዬ፤ ግን ብዙው ቆሞ ነው የሚበላው።"

"ቆሞ!" አማተቡ። "የእግዜር ሲሳይ ቀርቦ ሰው ይቆማል?"

ጠረጴዛ ጎትቼ ደጃፉ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው የሚያየኝ ቦታ ተቀመጥኩ። ላይቭ ከፈትኩ። "እትዬ፣ አንድ ሙሉ ሽሮ!" ብዬ ጮህኩ። በላሁ። ድስቱን ጠረግሁት።

አያ ጌትነት ከስፌት መኪናቸው ላይ ተነስተው መጡና ቆመው አዩኝ። ስጨርስ የቀረችውን ቁራሽ እንጀራ በሁለት ጣት አንስተው ሥሯን መረመሩ።

"ምንም የለም!" ብለው ለመንደሩ አወጁ። "ችግሩ ከሽሮው አይደለም፣ ከልጅቱ ነው።"

መንገዱ በሙሉ ሳቀብኝ። ይሳቅ! እየሳቀ አንድ በአንድ ተመልሶ ገባ። አያ ጌትነትም ገቡና እንደ አዲስ አዘዙ።

እትዬ ሳልጠይቃቸው ሁለተኛ ድስት አመጡ። በእጃቸው ሲያጎርሱኝ እንባዬ መጣ። በርበሬው ነው አልኳቸው። አልነበረም። አፍሬም ነበር፣ ወድጃቸውም ነበር።

"እንግዶችሽ ይምጡ" አሉኝ። "ሸጋ አድርጌ እቀበላቸዋለሁ። ግን እኔ ቤት የገባ ሳይጠግብ አይወጣም።"

ስለዚህ የሰባት ቤቱ ቱር የአንድ ቤት ሆኗል። ጠዋት ግንቡን ቀስ ብለን እናያለን፣ ቀትር ላይ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት እንገባለን፣ ከዚያ ወዲያ ማንም የትም መሄድ አይችልም። ደግነቱ ስፔኖች ከምሳ በኋላ መተኛት ያውቁበታል።

ስፓኒሽ የምትችሉ፣ እስከ ቅዳሜ በኮመንት አድኑኝ። ስምንት ሰው ሁለት ሁለት ጎርሶ ሊነሳ ሲል "በሞቴ፣ ቁጭ በሉ!" የሚባለው እንዴት ነው?