ፍሬሙ ያልበቃው ግጥም

ለግድግዳ ጌጥ ሲሉ ግጥም የሚቆርጡ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔን አንዱ አጋጥሞኝ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ካሌዶኒያን ሮድ በሚባለው ጎዳና ለሚኖረው ጓደኛዬ ለታምራት፣ አየርላንዳዊቷ ጎረቤቱ ሚስስ ኖራ አባታቸው በእጃቸው ጽፈው በሥዕል ያስጌጡትን ግጥም ሰጡት። ቤቱ ስሄድ ግድግዳው ላይ ሥዕሉ ብቻ ተሰቅሏል።

«ግጥሙስ?» አልኩት።

«ፍሬሙ ጠበበኝ፤ ቆርጬ ሪሳይክል ቢን፣ የወረቀት ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተትኩት። ማን ሊያነበው?»

እግዚኦ! ይኼ ሰው ነው?

ገና ተናግሬ ሳልጨርስ ሴትዮዋ ሻይ ሊጠጡ መጡ።

«የአባቴ ግጥምስ?» አሉ ደንግጠው።

ታምራት ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «እንዳይበላሽ ብዬ የአየርላንድ ደራስያን የእጅ ጽሑፍ የሚቀመጥበት አርካይቭ አስገባሁት» አላቸው።

በደስታ እያለቀሱ እጁን ሳሙት። እኔ ወደ ቢኑ ሮጥኩ። ባዶ ነው፤ የቆሻሻ መኪናው ጠዋት ወስዶታል።