ወንበር ላይ የተሰቀለው ኮት

ዋና ከተማዋን ከከበቧት ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አንደኛዋ በቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጧ አቻ የላትም። የትኛዋ እንደሆነች ብንናገር የቀሩት ሁለቱ ይቀየሙናልና እንተወዋለን። ደግሞም ነዋሪው ሲጠየቅ የሰበታው ወደ ቡራዩ፣ የቡራዩው ወደ ሱሉልታ፣ የሱሉልታው ወደ ሰበታ ስለሚጠቁም ክብሩ ለሦስቱም ተዳርሷል።

በዚህች ከተማ ኦቦ ቦጂያ ቱፋ የሚባሉ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ይኖራሉ። በዚህ ስም የሚያውቃቸው ግን ሚስታቸው ደራርቱና የውኃ ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ናቸው። ለቀረው ሕዝብ እሳቸው አቶ አለሙ ናቸው። አቶ አለሙ ማለት ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በየእሁዱ በሚታየው ሲትኮም ውስጥ ቢሮ ሳይገቡ ቢሮ የሚመሩት ኃላፊ ናቸው። ድራማው ሦስት ጊዜ ስሙን፣ ሁለት ጊዜ ጣቢያውን ቀይሯል። አቶ አለሙ ግን እንደ ማንኛውም ብቁ ኃላፊ በቦታቸው ጸንተዋል።

የኦቦ ቦጂያ ዝና የተጀመረው በመጀመሪያው ክፍል ነው። ጽሑፉ ላይ «ኃላፊው ቢሮ የሉም» ይል ነበር። ኦቦ ቦጂያ ያኔ ፀጉራቸው ጥቁር፣ ሐሳባቸውም ትኩስ ስለነበር «ባልኖርም ኮቴ ይኑር» ብለው ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉት። ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር ጸሐፊዋ ወደ ኮቱ እየጠቆመች «አሉ፣ ኮታቸው አለ» ትላለች። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ጣት ጨመሩ። አመልካች ጣታቸውን ያነሳሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከዚያ «ሰኞ ብቅ በሉ!» ይላሉ። አገር ሳቀ። ሕፃናት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የሚኒባስ ረዳቶች በር ላይ ተንጠልጥለው «ሰኞ ብቅ በሉ!» ይሉ ጀመር።

ጥበብ ማኅበረሰብን ያስተምራል ሲባል የሚጠራጠሩ አሉ። እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር አምልጧቸዋል፦ ሕዝቡ በቀልዱ ሲስቅ መሥሪያ ቤቶች ማስታወሻ ይይዙ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ እንግባ። ባለፈው ክረምት ኢብሳ የሚባል ወጣት የፊልም ዳይሬክተር ኦቦ ቦጂያ ዘንድ መጥቶ የጠፋ ልጁን የሚፈልግ አባት ሆነው እንዲሠሩለት ጠየቃቸው። ቁም ነገር ያለው፣ ጣትም ኮትም የሌለበት ሥራ ነበር።

«ጋሼ፣ አደራ» አላቸው ኢብሳ። «ይሄ ፊልም ሲታይ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ከሳቀ ሁለታችንም አለቀልን።»

ኦቦ ቦጂያ ይህን ቃል ሃያ አንድ ዓመት ጠብቀውታል። እንግዳው ሲወጣ ሶፋው ላይ ተቀምጠው አፍንጫቸው እስኪቀላ በደስታ አለቀሱ። ደራርቱ ከጓዳ ብቅ ብላ ትንሽ ተመለከተቻቸው።

«ጥሩ ነው» አለች። «አፍንጫህን ግን ቀንስ፤ ሰዉ ሳያስበው ይስቃል።»

የቀረው ውል መፈረም ብቻ ነበር። ውሉ የሚፈረመው እስከ ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ የፊልሙ ጠበቃ የታደሰ መታወቂያ ካላየ ብዕሩን አያወጣም። ኦቦ ቦጂያ መታወቂያቸውን ከመሳቢያ ፈልገው ሲያወጡት ጊዜው ካለፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የትም ሲሄዱ በፊታቸው ስለሚገቡ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ መታወቂያ ከሚያድሰው መሥሪያ ቤት በር ወረፋ የሚይዝላቸውን ድንጋይ አስቀመጡ። እዚያ ሰው የሚሰለፈው ከረፈደ በኋላ ነው፤ እስከዚያ የሚሰለፈው ድንጋይ ነው። ሐሙስ ሲመለሱ ሁለት ወጣቶች ከድንጋያቸው ጋር ፎቶ ሲነሱ አገኟቸው። ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ መስኮት ቁጥር ሦስት ደረሱ።

መስኮቱ ላይ ያለችው አያንቱ ትባላለች። እውነቱን ለመናገር አያንቱ ጎበዝ ሠራተኛ ናት። ሌሎቹ ሰባት መስኮቶች ሠራተኞቻቸው ሻይ ላይ ስለነበሩ የስምንት ሰው ሥራ ብቻዋን ትሠራለች።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ አለሙ!»

«ነጉማ ልጄ። ቦጂያ ነኝ።»

«ውይ፣ ይቅርታ!» በአሥር ደቂቃ ቅጹን ሞላች፣ ፎቶውን ለጠፈች፣ መዝገቡን አመሳከረች። «አለቀ። የቀረው የኃላፊው ፊርማ ብቻ ነው።»

«ኃላፊው አሉ?»

«አሉ።»

«የት?»

አያንቱ በእስክሪብቶዋ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ጠቆመች። ከሰፊ ጠረጴዛ ኋላ አንድ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ አንድ ግራጫ ኮት ይታያል።

«ኮታቸው አለ» አለች።

ኦቦ ቦጂያ እስክትስቅ ጠበቋት። አልሳቀችም።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የእኔ ቀልድ ነው።»

«የእርስዎ ነው እንዴ?» አያንቱ ከልቧ ተገረመች። «እኔ ስቀጠር ስለደረስኩበት መመሪያ ነው የመሰለኝ።»

«ኮቱ ላይ አቧራ አያለሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?»

«ኦቦ ባጫ ከተመደቡ ጀምሮ። ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው።»

ኦቦ ቦጂያ መስኮቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ፣ ዛሬ ካልተፈረመልኝ ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ሥራ ያመልጠኛል። በፈጠረሽ እርጂኝ። ቀልዴን አይደለም።»

ወረፋው በሳቅ ፈነዳ። ከኋላቸው የቆመው አብዱረዛቅ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ሆዱን ይዞ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። አብዱረዛቅ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጣ ሲመላለስ ልጅቱ አንደኛ ክፍል ገብታለች።

«ወላሂ እንባዬን አመጡት!» አለ። «‹ቀልዴን አይደለም› የምትለዋን ድገሙልን፣ ጋሼ!»

ኦቦ ቦጂያ አልደገሙም። እግራቸውን ስላመማቸው ኃላፊው እስኪመጡ ሊጠብቁ ወደ ክፍሉ ገቡ። ለባለጉዳይ መቀመጫ የሚሆን ወንበር ስላልነበረ ባለው አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የሐምሌ ብርድ በተሰበረው መስታወት ይገባል። ኮቱን ደረቡት።

ከዚያ በኋላ የሆነው በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። በመጀመሪያ ዘበኛው በበሩ ሲያልፍ ኮቱ ውስጥ ሰው ተመለከተና ደንግጦ ሰላምታ ሰጠ። ቀጥሎ ከወረፋው አንዱ «የድብቅ ካሜራ ፕሮግራም ነው! እየቀረጹ ነው!» ብሎ አንሾካሾከ። ወሬው ሻይ ቤት ደረሰ። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰባቱም ሠራተኞች ፀጉራቸውን እያበጠሩ መስኮቶቻቸው ላይ ተገኙ። አንደኛው የገዛ ወንበሩን ለመለየት ሰው ጠየቀ።

አብዱረዛቅ ፋይሉን ይዞ ፈገግ እያለ ገባ።

«ምን ጎደለው?» አሉ ኦቦ ቦጂያ።

«ፊርማ ብቻ።»

«ስንት ጊዜ ተመላለሱ?»

«ይሄ አሥራ አራተኛዬ ነው።»

ኦቦ ቦጂያ መነጽራቸውን አድርገው ፋይሉን ገጽ በገጽ አነበቡት። ኃላፊ ፋይል ሲያነብ ታይቶ ስለማያውቅ በር ላይ የተኮለኮለው ሰው ተንከተከተ። ሁሉም ተሟልቷል። ትንሽ አመነቱ። የነጋዴውን ያለቀ ጫማ አዩ። ከዚያ «ቦጂያ ቱፋ» ብለው አጥርተው ፈረሙ። አያንቱ ማህተሙን አሳረፈችበት።

አብዱረዛቅ መሳቁን አቆመ።

«ጨረስን?»

«ጨረስን።»

«ሰኞ ብቅ አልልም?»

«ምን ሊያደርጉ?»

አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ «ኧረ ገደሉን! ‹ምን ሊያደርጉ› አሉት እኮ!» አለች። ሌላው «ሃያ አንድ ዓመት ያልሳቅሁትን ዛሬ ሳቅሁ። ከየት ነው ግን እንዲህ ያለ ኃላፊ የሚያመጡት? የሰው ጭንቅላት አይደለም ያላቸው!» ሲል አደነቀ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት አርባ አንድ ባለጉዳዮች ተስተናገዱ። አርባ አንዱም እየሳቁ ገብተው ወረቀታቸውን አገላብጠው እያዩ፣ ዝም ብለው ወጡ። በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ አንድ ፋይል ቀረ። ኦቦ ቦጂያ ብዕራቸውን ሲያነሱ አያንቱ እጃቸውን ያዘች።

«ይሄ የራስዎ ነው፣ ጋሼ። ለራስ መፈረም የጥቅም ግጭት ነው።»

«አርባ አንዱስ?»

«እነሱ ላይ ግጭት የለም። ኃላፊው ናቸው የሚፈርሙልዎት።»

«የትኛው ኃላፊ?»

«ኮቱ ያላቸው።»

አሠራሩ ትክክል ነበር። ኦቦ ቦጂያ ኮቱን አውልቀው ወንበሩ ላይ መልሰው ሰቀሉት፣ ጠረጴዛውን ዞረው የባለጉዳይ ቦታ ላይ ቆሙ። ሰውየውና ኮቱ ብዙ ተያዩ።

አሥር ሰዓት ላይ ኦቦ ባጫ መጡ። ስብሰባ ላይ ሆነው የካሜራው ወሬ ስለደረሳቸው እየሮጡ ነው የመጡት። ኮታቸው ሥራ ላይ ስለሚውል እሳቸው ሦስት ዓመት በሹራብ ነው የሚዞሩት። መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ የአበባ ማስቀመጫውን፣ መጨረሻ ላይ ኦቦ ቦጂያን አዩ።

«አባቴ!» ብለው አቀፏቸው። «የእጅ ሥራዎ ነኝ እኮ! ሥራውን የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ካሜራው በየት በኩል ነው?»

«ካሜራ የለም፣ ልጄ። አንድ ፊርማ ብቻ ነው የምፈልገው። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ።»

ኦቦ ባጫ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ሕዝቡ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ስለነበር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የተከበራችሁ ነዋሪዎች! ለዚህ የጥበብ ባለውለታ መታወቂያን እንደ ተራ ተገልጋይ በአንድ ፊርማ መስጠት መሥሪያ ቤታችንን የሚያሳፍር ተግባር ነው። ስለሆነም መታወቂያቸው የሚመለከታቸው አካላት በተገኙበት፣ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ይበረከትላቸዋል። ይህንንም የሚያስፈጽም አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ተቋቁሟል!»

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው።

«ልጄ፣ ክብሩ ይቅርብኝ» አሉ ኦቦ ቦጂያ። «ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሰው ሳይስቅብኝ እንድሠራ...» አልጨረሱትም። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። አፍንጫቸውም እንደ ልማዱ ቀላ። ሰዉ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ሳቀ።

ኦቦ ባጫ ብቻ አልሳቁም። እንደ ድንጋይ በደረቀ ፊት የሽማግሌውን እንባ ተመለከቱ፣ ከዚያ በዝግታ «ሰኞ ብቅ ይበሉ» አሉና ጣታቸውን አነሱ።

ኦቦ ቦጂያ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ሥራ ሥራ ነው፣ ሲበላሽ ማየት አልቻሉም።

«ጣቱ ነው የሚቀድመው» አሉ። «ጣት፣ ዓይን፣ ከዚያ ቃሉ።»

ኦቦ ባጫ አስተካክለው ደገሙት፤ አዳራሹም አጨበጨበ። አሥራ አንድ ሰዓት ሞልቶ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ።

ቪዲዮው ቅዳሜ ዕለት አገር አዳረሰ። እሁድ ጠዋት ኢብሳ ደወለ።

«ጋሼ፣ አየሁት። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።»

ኦቦ ቦጂያ ከሶፋው ተነሡ። «ውሉ ታዲያ... ሰኞ መታወቂያውን...»

«እንዴት ያለ ፊት ነው! ሐዘን አጠገቡ ቆሞ ጡንቻው አይንቀሳቀስም። የልጅ ሐዘን እንዲህ ነው የሚዋጠው። ስንት ወር ስፈልገው የነበረ አባት ይሄ ነው።»

«የማን ፊት?»

«የኃላፊው፣ ጋሼ። የኦቦ ባጫ። ጠበቃውን አንድ ቀን አስጨምረን ትናንት ፈርመናል፣ መታወቂያቸውም የታደሰ ነው። እርስዎ ሲያለቅሱማ... ሰምተውታል አይደል? አንድም ሰው ሳይስቅ አልቀረም።»

ስለ አርባ አንዱ ወረቀት ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ጉዳይ በአንድ ቀን እንዴት ሊያልቅ እንደቻለ የሚያጣራ ሌላ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ አጥፊው እስኪገኝ ወረቀቶቹ እንዲያገለግሉ ተወስኗል። የሥነ ሥርዓቱ ኮሚቴ ደግሞ ሰብሳቢው ኦቦ ባጫ በመሆናቸው ከቀረጻ እስኪመለሱ እየጠበቀ ነው። ቀረጻው መናገሻ ጫካ ውስጥ ሲሆን፣ ልጁ ገና አልተገኘም።

ሰኞ ኦቦ ቦጂያ በቀጠሯቸው መሠረት ብቅ አሉ። ድንጋያቸው በቦታዋ ነበረች። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መስኮት ቁጥር ሦስት ደረሱ። ሌሎቹ ሰባት መስኮቶች ሻይ ላይ ነበሩ።

«ኃላፊው አሉ?» ብለው ጠየቁ።

አያንቱ ቀና ብላ አየቻቸው። እስክሪብቶዋን ወደ በሩ ልታነሣ ጀምራ መልሳ አስቀመጠችው።

«አሉ» አለች፣ ዓይኗን ወደ መዝገቡ መልሳ፣ በቀስታ።

ኦቦ ቦጂያ ጎንበስ ብለው በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ከዚያ የቀረውን እሳቸው ጨረሱላት።

«ኮታቸው አለ።»

ከኋላቸው ወረፋው በሳቅ ፈነዳ።