የጋሽ ፕዮ ሚስጥራዊ ጦር

ኮሪያ ውስጥ ወታደር ቤት ያልገባ ወንድ ማግኘት ይከብዳል፤ ተራ ወታደር የነበረ ማግኘት ግን ጭራሽ አይታሰብም። ሁሉም ኮማንዶ ነበር። የከተማችን የሞክፖ ፀጉር አስተካካይ፣ ክቡር ጋሽ ፕዮ፣ ከሁሉም ይብሳሉ። ስሙ እንኳ በማይጠራ ሚስጥራዊ ጦር ውስጥ ነበርኩ ይላሉ። ሚስጥሩን ከዓሣ ተራ እስከ ወደቡ የማያውቅ የለም።

"መናገር ክልክል ነው" ይሉና ምላጩን ጉሮሮህ ላይ አቁመው ይናገራሉ። ደሴት ላይ በደረታቸው ተስበዋል፤ እባብ በጥሬው በልተዋል። እባቡ አምና አንድ ክንድ ነበር፣ ዘንድሮ ሦስት ደርሷል። ምላጩ ስላለ የሚከራከር የለም።

ታዲያ ስለዚያ ጦር የተሠራ ፊልም ከተማችን ገባ። ሰፈርተኛው እሳቸውን መሃል አስቀምጦ ሲኒማ ቤት ታደመ። እሳቸውም ፊልሙን ማረም ጀመሩ።

"ከስክሱን እንዲህ አላልቶ የሚያስር በጥፊ ነበር የሚባለው!"

"ጋሼ፣ እባቡ መቼ ነው የሚመጣው?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ፈርተው ቆርጠውታል።"

በፊልሙ መጨረሻ ጦሩ ከሞላ ጎደል አለቀ። መብራት ሲበራ ዓሣ አድራቂዋ ወይዘሮ ሜንግ ፊታቸው ቆመዋል። ታላቅ ወንድማቸው ቦክዶንግ ለዚያ ጦር ተመልምሎ ከሄደ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

"ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ያልጠየቅኩዎት ይመለሳል ብዬ ነው። አሁን ገባኝ። የሞተበትን ቀን ብቻ ይንገሩኝ። ቀኑን ሳላውቅ ሙት ዓመቱን እንዴት ላውጣለት?"

አንድ ቀን መጥራት ብቻ ነበር። ማን ያጣራል? አጠገባቸው የተቀመጥኩት እኔ ራሴ "አንዱን ቀን ይንገሯቸው በቃ" ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግኳቸው።

ጋሽ ፕዮ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"እህቴ፣ እኔ እዚያ አልነበርኩም። የውትድርናዬን ሦስት ዓመት ጦር ሰፈር ወጥ ቤት ጎመን ሳጥብ ነው የጨረስኩት። ወንድምሽን አላውቀውም።"

አዳራሹ ሙሉ ሰማ። የሳቀም ነበር።

"ቀኑ ያልታወቀ ሰው" አሉ ቀጥለው ዝግ ብለው፣ "በጨረቃ አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር በዘጠነኛው ቀን ነው የሚታሰበው። እሱን ያዢ።"

ሰፈሩ ለሳምንታት "ጎመን አጣቢው" ሲላቸው ሰነበተ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ፀጉር ቤት ረግጬ አላውቅም።

ቀኑ ደረሰ። በወይዘሮ ሜንግ ቤት እንደ ወጉ ለሟች መጠጥ የሚቀዳ ወንድ ስላልነበረ ጋሽ ፕዮ ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ጠርሙሱን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ለቦክዶንግ ፎቶግራፍ ቀዱለት፣ ሁለቴ ሰገዱለት። በሁለተኛው ላይ ግንባራቸው ከወለሉ አልነሳ አለ።

ወይዘሮ ሜንግ ትከሻቸውን ነካ አደረጓቸው።

"ይነሱ እንጂ ጋሼ፤ ወንድሜ እኮ ይሄን ያህል ትልቅ ሰው አልነበረም።"