የመጠበቅ ማስተርስ

ትናንት ጠዋት፣ ያውም ፍርድ ቤት ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ፣ እንቅልፍ ጣለኝና ሕልም አየሁ። ጥፋቱ የጉንፋን ኪኒኑ ነው፤ አንድ ዋጥ ቢሉኝ ሁለት ዋጥኩ።

ፍርድ ቤት ምን ወሰደህ ትሉ ይሆናል። ልብስ ሰፊ ነኝ። ጎረቤቴ አቶ ጥላዬ ከሱቄ በር ፊት ግንብ ገነቡ። ይኸው አራት ወር ሙሉ በመስኮት ነው የምገባው፤ ደንበኞቼንም እነሱ ውጭ እኔ ውስጥ ሆነን ነው የምለካቸው። ክሱን የጻፈችልኝ የግቢያችን ልጅ ናርዶስ ናት። የሕግ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስትሆን በትምህርት ቤቷ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ትለማመዳለች።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ስምዎ ሲጠራ ካልቀረቡ መዝገቡ ይዘጋል። እኔ ተማሪ ነኝ፣ በእርስዎ ቦታ መቆም አልችልም» ብላ ደጋግማ አስጠንቅቃኛለች። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ አንቀጾቹን ታስረዳኝ ጀመር። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እኔ የለሁም።

በሕልሜ የሕግ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ዘበኛው ፕሮፌሰር ነው፤ ካባውን እንደለበሰ ኪሴን ዳሰሰኝ።

«ዕውቀት ይዘዋል?»

«እስከ ስምንተኛ ክፍል።»

«ለራስ መጠቀሚያ ነው፣ ይለፉ» ብሎ ከፈተልኝ።

ግቢው ውስጥ ዳኞች ተሰልፈዋል። ፀሐይ አናታቸውን እየመታው፣ ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ቆመዋል። ሰልፉ እኔን ለማግኘት መሆኑ የገባኝ የፊተኛው ጎንበስ ብሎ «ጌታዬ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ያናግሩኝ» ሲል ነው።

«ነገ ይመለሱ» አልኩት።

ለካ እንዲህ ይጣፍጣል። የቢሮ ሰዎች ይህን ቃል የማይተዉት ወደው አይደለም።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ቆሎ ሻጭ ናት። ፕሮግራሞቹን በስኒ እየሰፈረች ነገረችኝ። «የቀን አለ፣ የማታ አለ፣ የኮሪደር አለ። ኮሪደር ላይ ሰባት ዓመት የቆመ በመጠበቅ ማስተርስ ይሰጠዋል።»

«የተግባር ልምምድስ?»

«ያለ ተግባር ምን ትምህርት አለ? ዳኛው ስድስት ወር ተከሳሽ ይሆናል። ጠበቃው ስድስት ወር ዝም ይላል።»

«ዝም ማለቱን ስንት ጠበቃ አለፈ?»

«እስካሁን ማንም» አለችና አንድ ስኒ መረቀችልኝ።

ኮሪደሩ ላይ ደግሞ መዝገቦች ወዲያና ወዲህ ይላሉ። አንዱ ወፍራም መዝገብ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል። «ባለጉዳዬ ጠፋብኝ» አለኝ። «በሄድኩ ቁጥር ሰውዎ አልተገኘም፣ ሳምንት ይምጡ ይሉኛል።» አቧራውን እፍ ብዬለት አለፍኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ወዲያው ተማሪዎች በክርክር የሚፈተኑበት የምስለ ችሎት አዳራሽ ውስጥ ገባሁ። ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ፈታኙ እኔ ነኝ። ከፊቴ ያለው ተማሪ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአቶ ጥላዬ ግንብ። ደብተር በብብቱ ይዞ ተገትሯል።

«ግንብ ደግሞ ምን ይማራል?» አልኩት።

«ገለል ማለት» አለኝ በትሕትና። «ቲዎሪውን ጨርሻለሁ። ያቃተኝ ተግባሩ ነው።»

በመስኮት ስገባ ስወጣ ጀርባዬ መላጡ ትዝ እያለኝ፣ እንደ መምህር ለስለስ ብዬ «እስቲ አንድ እርምጃ ብቻ» አልኩት።

ግንቡ ትንፋሹን ሳበ። ተከትለውኝ ገብተው የተቀመጡት ዳኞች በሙሉ ተነሥተው ቆሙ። አንድ እግሩን ቀስ ብሎ አነሣ፤ እኔም ወንበሬ ላይ ተወዛወዝኩ። «ሄደ፣ ሄደልኝ» አልኩ፤ ወለሉ እየሸሸ፣ ጣራው እያለፈ…

ዓይኔን ስገልጥ የምሄደው እኔ ነኝ። ከነአግዳሚው። ናርዶስና ለልምምድ አብረዋት የመጡ ሦስት የክፍል ጓደኞቿ አግዳሚውን በአራት በኩል ተሸክመው እውነተኛው ችሎት ውስጥ እያስገቡኝ ነው። ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ኖሯል። ናርዶስ ብትነቀንቀኝ፣ ውሃ ብትረጭብኝ «ነገ ይመለሱ» ብያታለሁ አሉ።

የአቶ ጥላዬ ጠበቃ ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ሰው ተኝቷል። አልቀረበም ተብሎ መዝገቡ ይዘጋልን።»

ናርዶስ የአግዳሚውን ጫፍ ሳትለቅ «ለአንድ ቃል ብቻ ይፈቀድልኝ» አለች። «ሕጉ ይቅረብ ነው የሚለው። ነቅቶ ይቅረብ አይልም።»

ዳኛዋ አፋቸውን በመዝገቡ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቃቸው ሲበርድላቸው ለጸሐፊያቸው «ከሳሽ ቀርቧል፣ ጻፊ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አቶ ዘለቀ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክብርት ዳኛ» አልኩና ልጆቹን አየኋቸው። ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል፤ የናርዶስ አንድ ጫማ ኮሪደር ላይ ቀርቷል። ለእንዲህ ያለው ልምምድ ስንት ማርክ እንደሚሰጥ አላውቅም። ያስተማራቸውን ሰው ግን እዚያው በልቤ መረቅሁና፣ ብድግ ብዬ በገዛ እግሬ ቆሜ ስለ ግንቡ መናገር ጀመርኩ።