ፈረንሳይኛ ተናጋሪው የእንግሊዝ ባላባት

በዓለም ላይ ቋንቋ የማይችል ባል የለም። ይህን የምላችሁ አጥንቼ አይደለም፤ ሚስቶች ሰብሰብ ብለው ሲጫወቱ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ነው። የአንዷ ባል ዓረብኛ ያቀላጥፋል፣ የሌላዋ ባል በጣልያንኛ ያልማል። የእኔዋ ዘይነብም ከሰው ላለማነስ ፈረንሳይኛ ሰጠችኝ።

እርግጥ እኔም እጄ አለበት። የምሠራው አሜሪካ፣ ብሉሚንግተን ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ነው። አንድ ቀን አንድ እንግዳ «ቦንዡር» ሲለኝ «ቦንዡር» አልኩት። «ሳ ቫ?» ብሎ ደኅንነቴን ጠየቀኝ፤ «ሳ ቫ» አልኩት። በቃ! ይኸው ነው። ወሬው ቤት ሲደርስ ግን ትንሽ ወፈር ብሎ ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ልውሰዳችሁ። ልጄ ሰሚራ አሥረኛ ክፍል ናት። እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ ስላደገች በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። የታሪክ ክፍሏ ለወላጆች የሚታይ አጭር ድራማ አዘጋጀ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ድሮ ከፈረንሳይ ምድር የተሻገሩ ሰዎች እንግሊዝን ወርረው ገዟት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ንጉሡ ፈረንሳይኛ፣ ባላባቱ ፈረንሳይኛ፣ ዳኛውም ፈረንሳይኛ! እንግሊዝኛው ለገበሬው ቀረ።

«ዳድ፣ ለዚህ እኮ ነው» አለችኝ ሰሚራ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፤ «ላሟ በረት ውስጥ ካው፣ ሳህን ላይ ስትወጣ ቢፍ የምትባለው። የሚያልባት እንግሊዝ፣ የሚበላት ፈረንሳይ።»

በጉም እንደዚያው ነው አለችኝ። አሳማውን ሁለታችንም ዘለልነው።

በድራማው ላይ ሰሚራ እንግሊዛዊት ገረድ ናት። ባላባቱን የሚሠሩት የትምህርት ቤቱ የፈረንሳይኛ መምህር ነበሩ፤ በዕለቱ ጉንፋን ጣላቸው። አዳራሹ በወላጅ ጢም ብሏል። የታሪክ መምህሯ መድረክ ላይ ወጥታ «ፈረንሳይኛ የሚችል ወላጅ ይኖር ይሆን?» ስትል የዘይነብ እጅ ከጥያቄው ቀድሞ ወጣ።

«ማይ ሃዝባንድ!»

«ዘይነብ፣ እጅሽን አውርጂ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ምን ያሽኮረምምሃል? ለልጅህ እኮ ነው!»

ሰሚራን አየኋት። ትሪ ይዛ መድረኩ ጥግ ቆማለች። ባላባት ከሌለ ድራማ የለም፤ ድራማ ከሌለ ማርክ የለም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ተነሣሁ። መጋረጃ የመሰለ ቀይ ካባ ደረቡብኝና ትልቅ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ።

«ቦንዡር!» አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ።

«ሳ ቫ!» አልኩ።

«ጌታዬ፣ የሚሉት አልገባኝም» አለች ሰሚራ በእንግሊዝኛ፤ እንዲያ ማለት ነበረባት።

«ሜርሲ» አልኩ። እናንተዬ... ፈረንሳይኛ አለቀ!

ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ምን ላድርግ? ደረቴን ነፋሁ፣ ድምፄን በአፍንጫዬ አወጣሁና «አንቺ ልጅ፣ ምነው ምሳው ቆየ? በጉ ገና አልታረደም እንዴ?» አልኩ፤ በአማርኛ! ወላጆቹ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከሰሚራ እጅ ትሪው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ከዚያ እንግሊዛዊት መሆኗን ረስታ፣ ጥርት ባለ አማርኛ...

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው? ጉድ ሠራኸኝ እኮ! ፈረንሳይኛ ትችል የለም እንዴ?»

«እናትሽ ናት ያለችው!»

«ታዲያ ዝም ብለህ አትቀመጥም ነበር?»

«አንቺ እንዳታለቅሺ ብዬ ነዋ!»

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብዬ ስደነግጥ፣ ለካ ሳቋን እየዋጠች ነው። ከዚያ ትሪውን አስተካክላ እጅ ነሣች።

«በጉ ታርዷል፣ ጌታዬ። ሥጋው ግን ጠንክሯል፤ ጥርስዎ ይችለዋል?»

ከልጄ አፍ አንድ ሙሉ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ለመስማት ስለማመጥ የኖርኩ ሰው፣ በካባዬ ተቀምጬ በአማርኛ ተሰደብኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስለ በጉ፣ ስለ ጥርሴ፣ ስለ ጨው ብዛት እስኪበቃን ተጨቃጨቅን። ከኋላ ዘይነብ ብቻ ሻርፗን አፏ ውስጥ ወትፋ ትንፈራፈራለች።

መምህሯ ተደሰተች። «ወላጆች፣ አንድም ቃል አልገባችሁም አይደል? የእንግሊዝ ገበሬም ልክ እንደዚህ ነበር» አለች። ገረዷ በመጨረሻ የጌታዋን ቋንቋ መልመዷም በታሪክ የታየ ነው ብላ ለሰሚራ ሙሉ ማርክ ሰጠቻት።

ካባዬን ሳወልቅ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ወደ እኛ መጣ። የአንዱ ተማሪ አባት ነው፤ አገሩ ቶጎ ሲሆን የተማረውም በፈረንሳይኛ ነው።

«አባዬ፣ ተያዝን» አለች ሰሚራ።

«ወንድሜ» አለኝ ሰውየው በእንግሊዝኛ፣ እጄን ጥብቅ አድርጎ ጨብጦ፤ «ከሰላምታው በኋላ ምንም አልገባኝም። የድሮው ፈረንሳይኛ ከእኛው እንዲህ መራቁን አላውቅም ነበር። ለመሆኑ የየት አካባቢ ነው?»

መቼም ውሸት አልወድም።

«የወሎ» አልኩት።

ትንሽ አሰበ።

«ወሎ... ሰሜን ነው፣ አይደል?»

«አዎ» አልኩት፣ «ሰሜን ነው።»